ከልኬት ወደ ውሳኔ፦ በአዳማና በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ተኝተው የሚታከሙ ዐዋቂ ሕሙማን ሁኔታቸው ሲባባስ ነርሶች የሚወስዱት ውሳኔ

አኅጽሮተ ጥናት

ይህ አጭር ጽሑፍ በውስጥ ደዌና በቀዶ ሕክምና ክፍሎች ተኝተው የሚታከሙ ዐዋቂ ሕሙማን ሁኔታ መባባስ ሲጀምር ነርሶች የሚወስዷቸውን ውሳኔዎች ይመረምራል። መነሻው አቅራቢዋ በነርስነት ስታገለግል ያጋጠማት የአንድ ሌሊት ተረኝነት ሲሆን፣ ገጠመኙ በክሪስቲን ታነር የክሊኒካዊ ፍርድ ሞዴልና ኒውስ 2 በተባለው የቅድመ ማስጠንቀቂያ ነጥብ አማካይነት ተተንትኗል። ጽሑፉ ሦስት ነጥቦችን ያነሣል። አንደኛ፣ ትንፋሽን ሳይቆጥሩ መመዝገብና የአስታማሚን ቃል ሳይመዝኑ ማለፍ አስቸኳይ የሆነውን ሕመምተኛ ከደኅናው ጋር አንድ ያስመስላል። ሁለተኛ፣ በባሕር ወለል አካባቢ ለሚኖሩ ሰዎች የተዘጋጁ የኦክስጅን ወሰኖች በአካባቢያችን ከፍታዎች በጥንቃቄ ሊነበቡ ይገባል። ሦስተኛ፣ ክትትል ምላሽ የሚሰጥ ሥርዓት ካልተከተለው ብቻውን ሕይወት አያተርፍም።

ቁልፍ ቃላት፦ ክሊኒካዊ ፍርድ፣ የቅድመ ማስጠንቀቂያ ነጥብ፣ የድኅረ ቀዶ ሕክምና ክትትል፣ አስታማሚ፣ አዳማ

1. መግቢያ

ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ የሚወስደው ዋና መንገድ በሞጆና በአዳማ በኩል ያልፋል፤ ከሞጆ የሚገነጠለው ደግሞ ባቱንና ሻሸመኔን አቋርጦ ወደ ደቡብ ይዘልቃል። በእነዚህ ከተሞች የሚገኙ ሆስፒታሎች የሚቀበሏቸው ሕሙማን የአካባቢውን ኑሮ ያሳያሉ። በመኪና አደጋ አጥንቱ የተሰበረ የጭነት መኪና ሾፌር፣ አንጀቱ ተጠምዝዞ በቃሬዛ የመጣ ገበሬ፣ በወንጂ ወይም በመተሐራ የሸንኮራ እርሻ ወባ የያዘው የቀን ሠራተኛ፣ የስኳር ሕመም እግራቸውን ያቆሰላቸው እናት በዚያው ግቢ ይገናኛሉ። ቀድሞ ኃይለ ማርያም ማሞ መታሰቢያ ሆስፒታል ይባል የነበረው የአዳማ ሆስፒታል ሕክምና ኮሌጅና በአርሲ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የአሰላ ማስተማሪያ ሆስፒታል በሪፈር የሚመጡትን ይቀበላሉ፤ ተማሪዎችንም ያሠለጥናሉ።

ሐኪሙ ተኝቶ የሚታከመውን ሰው በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ በጉብኝት ያየዋል። ነርሶች ግን ሃያ አራቱንም ሰዓት እየተፈራረቁ ከአልጋው አጠገብ ናቸው። ስለዚህ የሕመምተኛው ሁኔታ መለወጥ ሲጀምር ለውጡን አስቀድሞ የማየት ዕድልም ግዴታም ያለው ነርሱ ነው። «ይህን ሰው መቼ ደግሜ ልየው? ሐኪም አሁን ልጥራ ወይስ እስኪነጋ ልጠብቅ? መድኃኒቱን ልስጥ ወይስ ላቆየው?» የሚሉት ጥያቄዎች በየሰዓቱ ይነሣሉ። በመዝገብ ላይ ግን ብዙውን ጊዜ የሚታየው ልኬቱ ብቻ ነው፤ ከልኬቱ ወደ ውሳኔው የተኬደበት መንገድ አይጻፍም።

የጉዳዩን ክብደት የሚያሳይ አህጉራዊ መረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 በላንሴት መጽሔት የታተመው የአፍሪካ የቀዶ ሕክምና ውጤቶች ጥናት በ25 አገሮች፣ በ247 ሆስፒታሎች የተደረገ ነው። ከመቶ ቀዶ ሕክምና ካደረጉ ሕሙማን 18 ያህሉ ተጓዳኝ ችግር ገጥሟቸዋል፤ 2.1 በመቶ የሚሆኑት በሆስፒታል ሞተዋል። በዚያ ጥናት ከተመዘገቡት 239 ሞቶች መካከል 225ቱ የደረሱት ቀዶ ሕክምናው ከተደረገበት ዕለት በኋላ ነው። ይህም ማለት አብዛኞቹ ሕሙማን ከቀዶ ሕክምና ጠረጴዛው በሕይወት ወርደው፣ በነርሶች ዕለታዊ ክትትል ሥር እያሉ ነው የሞቱት። ስለዚህ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት ሰዓታት የሚደረገው የነርስ ውሳኔ ከቀዶ ሕክምናው ራሱ ተለይቶ ሊጠና የሚገባው ነው።

2. አቀራረብ

ይህ ጽሑፍ አዲስ መረጃ የተሰበሰበበት መጠይቃዊ ጥናት አይደለም። አንድን ገጠመኝ ወስዶ በታወቁ ሁለት መሣሪያዎች ይተነትነዋል። የመጀመሪያው ክሪስቲን ታነር እ.ኤ.አ. በ2006 ያቀረበችው ሞዴል ነው። ሞዴሉ የነርስን ፍርድ በአራት ደረጃዎች ይገልጸዋል፤ እነርሱም ማስተዋል፣ መተርጎም፣ ምላሽ መስጠትና ወደ ኋላ ተመልሶ ማሰላሰል ናቸው። ሁለተኛው የብሪታንያ የሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2012 አውጥቶ በ2017 ያሻሻለው ኒውስ 2 ነው። ይህ ነጥብ የአተነፋፈስ ፍጥነትን፣ የደም ኦክስጅን ሙሌትን፣ ሕመምተኛው ተጨማሪ ኦክስጅን እየወሰደ መሆኑን፣ የላይኛውን የደም ግፊት፣ የልብ ምትን፣ የንቃት ሁኔታንና የሰውነት ሙቀትን ይመዝናል። ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ነጥብ ይሰጥና ይደመራል። ድምሩ ከ1 እስከ 4 ከሆነ ሕመምተኛው ቢያንስ በየ4 እስከ 6 ሰዓት ይታያል። 5 ወይም 6 ከሆነ፣ ወይም አንዱ ልኬት ብቻውን 3 ካስመዘገበ፣ ቢያንስ በየሰዓቱ መታየትና ለሐኪም መነገር አለበት። 7ና ከዚያ በላይ ከሆነ ድንገተኛ ምላሽ ያስፈልጋል።

ገጠመኙ በስምጥ ሸለቆ ከሚገኙ ከተሞች በአንዱ የተፈጸመ ነው። የሆስፒታሉ ስም አልተጠቀሰም፤ የሕመምተኛውም ማንነት እንዳይታወቅ ዝርዝሮች ተለውጠዋል።

3. ገጠመኙ

በቀዶ ሕክምና ክፍል የሌሊት ተረኛ ነበርኩ። ለ28 ሕሙማን ሁለት ነርሶች ነበርን። ከሕሙማኑ አንዱ በሃምሳዎቹ ዕድሜ የሚገኙ ገበሬ ሲሆኑ፣ አንጀታቸው ተጠምዝዞ ከፊሉ ተቆርጦ ከተጋጠመ ሁለተኛ ቀናቸው ነበር። በርክክብ ላይ «ደኅና ናቸው፤ ፈሳሽና አንቲባዮቲክ ላይ ናቸው» ተባለ።

ምሽት 3 ሰዓት ላይ የመዘገብኩት ይህ ነበር፦ ትንፋሽ በደቂቃ 20፣ የኦክስጅን ሙሌት 94 በመቶ ያለ ተጨማሪ ኦክስጅን፣ የደም ግፊት 108 በ66፣ የልብ ምት 104፣ ሙቀት 37.9፣ ንቃት «ንቁ»። ሌሊት 5 ሰዓት ላይ በአልጋው ሥር የተኛው ልጃቸው ወደ ነርሶች ጠረጴዛ መጣ። «ሲስተር፣ አባቴ ያላወቀኝ ይመስለኛል፤ በሞተ ወንድሙ ስም ነው የሚጠራኝ» አለኝ። እኔም «መድኃኒቱ ነው፣ ትንሽ ይተኙ» ብዬ መለስኩት። በዚያ ሰዓት አዲስ የመኪና አደጋ ጉዳተኛ እየተቀበልን ነበር።

ወደ አልጋቸው የተመለስኩት ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ነው። ትንፋሻቸውን ሙሉ ደቂቃ ስቆጥር 32 ሆነ። ሙሌታቸው 90፣ የደም ግፊታቸው 88 በ50፣ የልብ ምታቸው 128፣ ሙቀታቸው 38.8 ነበር፤ ለጥያቄም አይመልሱም። ተረኛው ሐኪም ወዲያውኑ መጣ። የተጋጠመው አንጀት መልቀቁ በድጋሚ ቀዶ ሕክምና ታወቀ። ሕመምተኛው በአራተኛው ቀን ዐረፉ። በ5 ሰዓት ቢታወቅ ኖሮ ይተርፉ ነበር ለማለት የሚያስችል ማስረጃ የለኝም። ከ5 እስከ 11 ያሉት ስድስት ሰዓታት ግን ያለ ውሳኔ ያለፉ ናቸው።

4. ትንተና

4.1 ማስተዋል፦ ያልተቆጠረው ትንፋሽ

በ3 ሰዓት የተመዘገበው በኒውስ 2 ሲሰላ ትንፋሽ 0፣ ሙሌት 1፣ የደም ግፊት 1፣ የልብ ምት 1፣ ሙቀት 0፣ ንቃት 0፣ በድምሩ 3 ይሆናል። በዚህ ነጥብ መሠረት ሕመምተኛው ከ4 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ቢታዩ በቂ ነው። ነገር ግን 20 የሚለው ትንፋሽ አልተቆጠረም። የዚያን ሌሊት የምልክት መከታተያ ቅጽ ወደ ኋላ ስመለከት ከ28ቱ ሕሙማን የአብዛኞቹ ትንፋሽ 20 ተብሎ ተጽፏል። ጥቂቶቹ 22 ናቸው። በልማድ የሚጻፍ ቁጥር ነው፤ የሁላችንም እጅ አለበት።

ትንፋሽ ከሁሉም ምልክቶች ቀድሞ የሚለወጥበት ሥነ ሕይወታዊ ምክንያት አለ። በኢንፌክሽን ወይም በደም ዝውውር መጓደል የተጎዳ ሰውነት የላክቲክ አሲድ ይጠራቀምበታል፤ አሲዱን ለማካካስ ትንፋሽ ይፈጥናል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። የደም ግፊት ግን የደም ሥሮች በመኮማተራቸውና ልብ በመፍጠኗ ለረጅም ጊዜ ሳይወርድ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ የደም ግፊትን ብቻ የሚያምን ነርስ የሚያየው የመጨረሻውን ምልክት ነው። የደም ግፊትና የሙሌት መሣሪያዎች ቁጥሩን ራሳቸው ይሰጣሉ፤ ትንፋሽ ግን ከሕመምተኛው አጠገብ ቆሞ ደረቱን እያዩ አንድ ደቂቃ መቁጠርን ይጠይቃል። ቀርቶ የሚቀረውም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

4.2 መተርጎም፦ የአስታማሚው ቃል

ኒውስ 2 በ2017 ሲሻሻል ከተጨመሩት ነገሮች አንዱ አዲስ የመጣ መወዛገብ ነው። ሕመምተኛው ዐይኑን ገልጦ እያለ ሰው ካላወቀ ወይም የማይገናኝ ነገር ከተናገረ 3 ነጥብ ያስቆጥራል። ልጁ በ5 ሰዓት የነገረኝ በሌላ ቃል ይኸው ነው። ያን ቃል ብቻ ቀድሞ በነበረው 3 ላይ ብንጨምር ነጥቡ 6 ይሆናል፤ ሐኪም መጠራትና በየሰዓቱ ክትትል መጀመር ነበረበት። ትንፋሻቸውም በዚያን ሰዓት 25 ወይም ከዚያ በላይ ደርሶ ከነበረ ድምሩ 9 ነው፤ ይህ ግን ስላልተቆጠረ ሊታወቅ አይችልም። እርግጠኛው 6 ብቻውን ለውሳኔ በቂ ነበር።

«ንቁ» የሚለው ቃልም ምርመራ ያስፈልገዋል። ዐይን መግለጥ ንቁ መሆን ነው፤ ግን ቦታን፣ ጊዜንና ሰውን ማወቅ አይደለም። በአዳማና በአካባቢዋ ብዙ ሕሙማን ቋንቋቸው አፋን ኦሮሞ ነው። ቋንቋውን የማይናገር ነርስ «ደኅና ነዎት?» ብሎ ራስ ሲነቀነቅለት «ንቁ» ብሎ ይጽፋል። «መቃን ኬሰን ኤኙ?» ብሎ ስማቸውን መጠየቅ፣ ያሉበትን ቦታና የአስታማሚያቸውን ማንነት እንዲናገሩ ማድረግ፣ ካልተቻለም በአስታማሚው በኩል ማስጠየቅ የንቃት ምርመራው አካል ነው።

በአገራችን ሆስፒታሎች አስታማሚው ምግብ የሚያመጣ፣ የሚያጥብ፣ መድኃኒት ከፋርማሲ የሚገዛ ሰው ተደርጎ ይታያል። ነገር ግን የሕመምተኛውን የወትሮ ጠባይ የሚያውቅና ሌሊቱን ሙሉ ከአጠገቡ የማይለይ ብቸኛው ሰው እርሱ ነው። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ የማርታ ደንብ የተባለ አሠራር ዘርግታለች። የ13 ዓመቷ ማርታ ሚልስ በ2021 በሴፕሲስ የሞተችው ወላጆቿ ሁኔታዋ መባባሱን እየተናገሩ ሰሚ ባለማግኘታቸው በመሆኑ፣ ቤተሰብ ሌላ የሕክምና ቡድን በቀጥታ እንዲጠራ መብት ተሰጠው። እነርሱ ቤተሰብን ወደ አልጋው ለማቅረብ ደንብ አስፈልጓቸዋል። እኛ ዘንድ ቤተሰቡ ቀድሞውኑ አልጋው ሥር ነው፤ የጎደለው የተናገረውን የሚመዘግብ ቦታ ነው።

4.3 ሌላው የትርጉም ስሕተት፦ «ወባ ነው»

በስምጥ ሸለቆ ቆላማ ቦታዎች ትኩሳት ሲታይ መጀመሪያ ወባ ይታሰባል፤ ይህም ተገቢ ነው። ነገር ግን ቀዶ ሕክምና ባደረገ ሰው ላይ የወባ ምርመራ አዎንታዊ መሆኑ ቁስሉ ወይም ሆዱ አለመመረዙን አያረጋግጥም። ወባ በሚበዛበት ቦታ ሰው ጥገኛ ተውሳኩን በደሙ ይዞ በሌላ በሽታ ሊታመም ይችላል። ስለዚህ ነርሱ የወባ ውጤት ከመጣ በኋላም ቁስሉን ገልጦ ማየት፣ ሆዱ መወጠሩን መዳሰስ፣ የፍሳሽ ቱቦውን ይዘት መለካትና የሽንቱን መጠን መከታተል አለበት። ሽንት በኒውስ 2 ውስጥ የለም፤ ነገር ግን 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በሰዓት ከ30 ሚሊ ሊትር በታች የሚሸና ከሆነ ኩላሊቱ በቂ ደም እያገኘ ላይሆን ይችላል። ነጥቡ የማይጠይቀውንም ነርሱ ሊጠይቅ ይገባል።

5. የኦክስጅን ወሰንና የከፍታ ጥያቄ

ኒውስ 2 ሙሌቱ 96ና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው 0፣ ለ94ና 95 1፣ ለ92ና 93 2፣ ለ91ና ከዚያ በታች 3 ይሰጣል። ይህ ወሰን የተዘጋጀው በባሕር ወለል አካባቢ ለሚኖር ሕዝብ ነው። አዳማና ባቱ ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናቸው። መተሐራ ወደ 950 ሜትር ትወርዳለች፤ አሰላ ደግሞ ወደ 2,400 ሜትር ትወጣለች። በባሕር ወለል የከባቢ አየር ግፊት 760 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ሲሆን የሚተነፈሰው አየር የኦክስጅን ግፊት 150 ገደማ ነው። በ1,600 ሜትር ላይ የአየር ግፊቱ ወደ 630፣ የኦክስጅኑ ወደ 122 ይወርዳል። በአሰላ ከፍታ የኦክስጅኑ ግፊት 110 ያህል ነው። ስለዚህ ጤነኛ ሰው በእነዚህ ከተሞች ከ96 በታች ማስመዝገቡ በራሱ የሕመም ምልክት ላይሆን ይችላል።

ከዚህ ተነሥቶ ወሰኑን ዝቅ እናድርግ ማለት ቀላል ይመስላል። ሁለት ነገሮች ግን ያስጠነቅቁናል። የመጀመሪያው የሂሞግሎቢንና የኦክስጅን ግንኙነት ቀጥተኛ መስመር አለመሆኑ ነው። ሙሌቱ ከ90 አካባቢ በታች ሲሆን የግፊት ትንሽ መቀነስ ሙሌቱን በፍጥነት ያወርደዋል። ከፍ ባለ ቦታ የሚኖር ሰው መነሻው ዝቅ ያለ በመሆኑ ወደዚያ ቁልቁለት ለመድረስ የቀረው ርቀት አጭር ነው። ሁለተኛው መሣሪያው ራሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት፣ የጣት ኦክስጅን መለኪያ ደኅና ነው ባላቸው ጥቁር ሕሙማን ላይ የተደበቀ የኦክስጅን እጥረት ከነጮቹ ሦስት እጥፍ በሚጠጋ መጠን መገኘቱን አሳይቷል። መሣሪያው በጠቆረ ቆዳ ላይ ከፍ አድርጎ ሊያነብ ይችላል ማለት ነው።

ስለዚህ አስተማማኙ መንገድ ለሁሉም አንድ አዲስ ወሰን መፍጠር ሳይሆን የእያንዳንዱን ሕመምተኛ መነሻ ማወቅ ነው። ለታቀደ ቀዶ ሕክምና የሚገባ ሰው ሙሌቱ ከመግባቱ በፊት ያለ ኦክስጅን ተለክቶ በመዝገቡ ፊት ገጽ ቢጻፍ፣ ከዚያ መነሻ በሦስት ነጥብ መውረዱ ከየትኛውም ሰንጠረዥ በላይ ይናገራል። በገጠመኙ ላይ ለሙሌት የተሰጠውን 1 ነጥብ ለከፍታው ስንል ብንቀንስ እንኳ በ5 ሰዓት የነበረው ድምር 5 ይሆናል። ውሳኔው አይለወጥም።

6. በውስጥ ደዌ ክፍል፦ የኢንሱሊኑ መርፌ

ውሳኔ መጥራት ወይም አለመጥራት ብቻ አይደለም፤ የታዘዘን ነገር መስጠት ወይም ማቆየትም ውሳኔ ነው። በስኳር ሕመም የተኙ እናት ጠዋት ኢንሱሊን ታዞላቸዋል እንበል። በጉብኝት ላይ ሐኪሙ ሲጠይቃቸው «እበላለሁ» ብለው፣ ነርሷ መርፌውን ይዛ ስትመጣ «እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልቀምስም፣ ጾም ነው» ሊሏት ይችላሉ። በረመዳንም ተመሳሳይ ሁኔታ ይገጥማል። ፈጣኑ ተራ ኢንሱሊን በግማሽ ሰዓት ውስጥ መሥራት ጀምሮ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ይበረታል። ምግብ ከሌለ ስኳሩ የሚወርደው ነርሷ ሌላ ሥራ ላይ ሳለች ነው።

እዚህ ሁለት ተቃራኒ ስሕተቶች አሉ። አንዱ ትእዛዝ ነው ብሎ መውጋት ነው። ሌላው «አልበሉም» ብሎ ኢንሱሊኑን ለማንም ሳይናገሩ መተው ነው፤ በተለይ ዓይነት 1 የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ኢንሱሊን ፈጽሞ ሲቋረጥበት ደሙ በኪቶን አሲድ ይመረዛል። ትክክለኛው ቅደም ተከተል ስኳሩን መለካት፣ ምግቡ በእጅ መኖሩን በዐይን ማረጋገጥ፣ ምግብ ከሌለ ሐኪሙን ጠርቶ መጠኑና ሰዓቱ እንዲስተካከል ማድረግ፣ የተደረገውንም ከነምክንያቱ መጻፍ ነው። ስለ ጾሙ የሚጠየቀው ያለ ተግሣጽ ሊሆን ይገባል። የተገሠጸ ሕመምተኛ በማግስቱ እውነቱን አይናገርም። ስኳሩ ከ70 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች ወርዶ መዋጥ የሚችል ከሆነ ስኳር ያለው ፈሳሽ ይሰጠዋል። ራሱን የሳተ ከሆነ በአፉ ምንም አይሰጥም፤ በደም ሥር ግሉኮስ ይሰጠዋል። ራሱን የሳተ ማንኛውም ሕመምተኛ፣ ወባም ይሁን ሌላ ተብሎ ቢጠረጠር፣ በቅድሚያ ስኳሩ ሊለካ ይገባል።

7. ጊዜን ማከፋፈል

«ሁሉን በትክክል ለመቁጠር ጊዜ የለም» የሚለው መልስ እውነት አለው፤ ስለዚህ ሊሰላ ይገባዋል። አንድ ሙሉ ልኬት 5 ደቂቃ ይወስዳል ብለን እናስብ። 30 ሕሙማን በ12 ሰዓት ሌሊት ውስጥ ሁሉም እኩል በየ4 ሰዓቱ ቢታዩ 90 ልኬት፣ ማለትም 450 ደቂቃ ወይም ሰባት ሰዓት ተኩል ያስፈልጋል። መድኃኒት፣ ፈሳሽና ቁስል ሲጨመርበት አይቻልም፤ ስለማይቻልም 20 ቁጥር ይጻፋል።

አሁን በነጥብ እንከፋፍላቸው። ከ30ው 22ቱ 0 ነጥብ ኖሯቸው በሌሊቱ አንድ ጊዜ ቢታዩ 110 ደቂቃ፣ 6ቱ ከ1 እስከ 4 ነጥብ ኖሯቸው ሦስት ጊዜ ቢታዩ 90 ደቂቃ፣ 2ቱ 5 ወይም 6 ነጥብ ኖሯቸው በየሰዓቱ ቢታዩ 120 ደቂቃ ይሆናል። ድምሩ 320 ነው። ከመጀመሪያው 130 ደቂቃ ይተርፋል፤ አስጊዎቹ ሁለት ሕሙማን ግን በ3 ጊዜ ፈንታ 12 ጊዜ ይታያሉ። ስሌቱ ምሳሌ ነው፤ የክፍሉ ሁኔታ ይለውጠዋል። የሚያሳየው ግን እኩል ክትትል ፍትሐዊ መስሎ ለተባባሰው ሰው በዳይ መሆኑን ነው። ይህ ሁሉ የሚጸናው የመጀመሪያው ዙር ልኬት እውነተኛ ከሆነ ብቻ ነው።

8. ምላሽ፦ ከተጠራ በኋላ

ነጥብ ማወቅ ብቻውን በቂ አለመሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ አለ። የአፍሪካውን ጥናት ያካሄዱት ተመራማሪዎች ለአደጋ የተጋለጡ ሕሙማን ከቀዶ ሕክምና በኋላ የተጠናከረ ክትትል ቢደረግላቸው ሞት ይቀንስ እንደሆነ በሌላ ሰፊ ሙከራ ፈትሸው፣ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2021 አሳተሙ። ከባድ ተጓዳኝ ችግሮችና ሞት አልቀነሱም። ይህን ውጤት «ክትትል አይጠቅምም» ብሎ ማንበብ ይቻላል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የምታነበው ግን እንዲህ ነው፦ ነርስ የተባባሰውን ቢያይም የሚጠራው ሐኪም፣ የሚከፍተው ኦክስጅን፣ የሚወስድበት የቀዶ ሕክምና ክፍል፣ አብሮት የሚሠራ ሁለተኛ ነርስ ከሌለው ማየቱ ወደ ማዳን አይሻገርም። ሊንዳ ኤይከንና ባልደረቦቿ በዘጠኝ የአውሮፓ አገሮች አድርገው እ.ኤ.አ. በ2014 ያሳተሙት ጥናት፣ በአንድ ነርስ ላይ አንድ ሕመምተኛ ሲጨመር የቀዶ ሕክምና ሕሙማን በ30 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድል በ7 በመቶ ከፍ ማለቱን አሳይቷል። የነርስ ውሳኔ የነርሱ ብቻ ጉዳይ አይደለም።

ይሁንና ባለው ሁኔታም የሚሻሻል ነገር አለ። ተረኛ ሐኪምን በሌሊት መቀስቀስ በተለይ ለጀማሪ ነርስ ከባድ ነው። «ምን ሆነና ነው?» ቢባል የሚመልሰው አጭርና የተደራጀ ነገር ያስፈልገዋል። ሁኔታ፣ ዳራ፣ ግምገማ፣ ጥያቄ በሚለው ቅደም ተከተል በ5 ሰዓት ልናገረው ይገባኝ የነበረው ይህ ነበር፦

«ዶክተር፣ የቀዶ ሕክምና ክፍል ተረኛ ነርስ ነኝ። የአልጋ 9 ሕመምተኛ ልጃቸውን መለየት አቁመዋል፤ ነጥባቸው ከ3 ወደ 6 ወጥቷል። አንጀታቸው ተቆርጦ ከተጋጠመ ሁለተኛ ቀናቸው ነው። የተጋጠመው ለቅቆ ሴፕሲስ ጀምሯቸው እንዳይሆን እሰጋለሁ። እባክዎ በግማሽ ሰዓት ውስጥ መጥተው ይዩአቸው፤ እስከዚያ ስኳራቸውን ለክቼ፣ ኦክስጅን አዘጋጅቼና በየሰዓቱ እየተከታተልኩ እጠብቅዎታለሁ።»

በዚህ አነጋገር ውስጥ ነጥቡ የሚሠራው ሁለት ሥራ ነው። ለሐኪሙ ቅደም ተከተል ይሰጠዋል፤ ለነርሱም ከለላ ይሆነዋል። ሐኪሙን የቀሰቀሰው የጀማሪዋ ነርስ ፍርሃት ሳይሆን ክፍሉ አስቀድሞ የተስማማበት ደንብ ይሆናል።

9. መደምደሚያና ምክረ ሐሳብ

የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው የሆስፒታል አገልግሎት ትራንስፎርሜሽን መመሪያ የነርሲንግ እንክብካቤን ከሆስፒታሉ መመዘኛዎች አንዱ አድርጎታል። የነርሲንግ ሂደት ቅጾችም በየክፍሉ አሉ። የሚቀረው ቅጹ ውሳኔን እንዲሸከም ማድረግ ነው። ለዚህም አራት ምክሮች ይቀርባሉ።

አንደኛ፣ በምልክት መከታተያ ቅጹ ላይ ትንፋሽ «ሙሉ ደቂቃ ተቆጥሯል» የሚል ምልክት ማድረጊያ ይኑረው፤ ያልተቆጠረ ከሆነ ባዶ ይተው። ባዶ ቦታ ከሐሰተኛ 20 ይሻላል፤ የሚቀጥለው ተረኛ ምን እንደጎደለ ያያልና። ሁለተኛ፣ «አስታማሚ ምን አለ?» የሚል አንድ መስመር ይጨመር፤ በርክክብ ላይም ይነበብ። ሦስተኛ፣ የሕመምተኛው መነሻ የኦክስጅን ሙሌት ሲገባ ይመዝገብ። አራተኛ፣ እያንዳንዱ ክፍል በየትኛው ነጥብ ማን እንደሚጠራ፣ የተጠራው ባይመጣ ደግሞ ቀጥሎ ማን እንደሚጠራ በጽሑፍ ይስማማና በነርሶች ጠረጴዛ ላይ ይለጠፍ።

የታነር ሞዴል የመጨረሻ ደረጃ ወደ ኋላ ተመልሶ ማሰላሰል ነው። በክፍሎቻችን ስለሞተ ሕመምተኛ የሚደረገው ውይይት ብዙ ጊዜ ስለ ምርመራውና ስለ ቀዶ ሕክምናው ነው፤ የሌሊቱ ቅጽ ተገልጦ በየሰዓቱ ምን እንደታየና ምን እንደተወሰነ አይነበብም። በአዳማ፣ በአሰላና በሻሸመኔ ክፍሎች የተጻፉ የትንፋሽ ቁጥሮች ምን ያህሉ በትክክል የተቆጠሩ እንደሆኑ በምልከታ ማጥናት ለቀጣይ ተመራቂ ተማሪ የሚበቃ፣ ወጪውም አነስተኛ የሆነ ርእስ ነው። የሚያስፈልገው ሰዓትና ከአልጋው አጠገብ መቆም ነው።